ሚኒስትሩን መጠየቅ ነው ወይስ ደጅ መጥናት?

የምክር ቤት ላይቭ የሚከታተል ሰው ይሄን ትዕይንት በደንብ ያውቀዋል። አንድ አባል እጃቸውን ያወጣሉ፣ አፈ ጉባኤው ስማቸውን ይጠራሉ፣ ማይኩ ይበራል፣ "አመሰግናለሁ ክቡር አፈ ጉባኤ" ይሉና የመረጣቸውን ሕዝብ ችግር መዘርዘር ይጀምራሉ፤ መንገዱ ተጀምሮ ከቆመ ዓመታት እንዳለፉ፣ ነፍሰ ጡር እናት በቃሬዛ እንደምትወጣ፣ ሽንኩርቱ ገበያ ሳይደርስ እንደሚበሰብስ፣ እውነትም ሆድ የሚበላ ነገር ነው፣ ከዛ መጨረሻ ላይ "ክቡር ሚኒስትር፣ ሕዝባችን ይህ መንገድ መቼ ይሠራልናል እያለ በተስፋ እየጠበቀ ነው" ብለው ይቀመጣሉ። ሚኒስትሩ ማስታወሻቸው ላይ ጫር ጫር ያደርጋሉ። ማታ ያቺ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ተቆርጣ ቲክቶክ ላይ ትዞራለች፣ "ተወካይ ማለት እንዲህ ነው" ይባላል፣ እኔም ሼር አድርጌ አውቃለሁ።

ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ያ ጥያቄ አልነበረም እኮ። ደጅ ጥናት ነበር።

ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም፣ ሁላችንም አያቶቻችን ሲያወሩ ሰምተናል። ጌታው እስኪወጡ በር ላይ ቆሞ መዋል፣ ሲወጡ እጅ መንሳት፣ ጉዳይን በለሰለሰ ቃል ማቅረብ፣ ከዛ እንደ ፈቃዳቸው። ደጅ የሚጠና ሰው ተስፋ እንጂ መብት የለውም። እዚህ ጋ የሚገርመው ግን ደጅ የሚጠኑት ሰውዬ እንደ ሕጉ ከሆነ የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው፣ ያ መንገድ የሚሠራበትን በጀት ሰኔ ላይ እጃቸውን አውጥተው ያጸደቁት እሳቸው ናቸው፣ ኅዳር ላይ ተመልሰው "መቼ ይሠራልናል" ብለው የሚለምኑትም እሳቸው።

እስቲ ሕጉን እንየው፣ ረጅም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ 17 ላይ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን የመጥራት፣ የመጠየቅ፣ የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው ይላል። መጥራት፣ መጠየቅ፣ መመርመር፣ ሦስት ግስ ነው። ቀጥሎ ያለው ንዑስ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ባለ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ተወያይቶ እርምጃ መውሰድ ይችላል ይላል። አንቀጽ 76 ላይ ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚወስነው ውሳኔ ሁሉ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ነው ይላል። ወረቀቱ ላይ ምንም የጎደለ ነገር የለም ባይ ነኝ።

ቁጥሩ ላይ ስትመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ነበር የወሰዱት። በ2013 ምርጫ ብልጽግና 410 ሲያሸንፍ ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 አገኙ፣ ጠቅላላ 15። ንዑስ 18ን ለማንቀሳቀስ ከ150 የማያንስ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ያ አንቀጽ እንዲሠራ የገዢው ፓርቲ አባላት ራሳቸው የራሳቸውን ፓርቲ ሚኒስትር ለማፋጠጥ መፈረም አለባቸው ማለት ነው፣ ያ ደግሞ በፓርቲ ዲሲፕሊን ዓለም ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም። ሌላው ደግሞ ኢዜማን ይመሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፣ ማለትም ከተቃዋሚው ወገን ትልቁ ስም የተቀመጠው በጠያቂው ሳይሆን በተጠያቂው ወንበር ላይ ነው። ጥሩም ይሁን መጥፎ ሌላ ጊዜ እናወራበታለን፣ ግን የጠያቂውን ሰልፍ እንዳሳጠረው ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። የ2017 የፌዴራል በጀት ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ለመደበኛ 451.3፣ ለካፒታል 283.2፣ ለክልሎች ድጎማ 222.7፣ ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ 14 ቢሊዮን። ከዛ ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ወራት ሳይቆይ ከመቶ አለፈ፣ የጸደቀው በጀት ገና ከመጀመሩ አነሰ፣ ኅዳር 2017 ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት መጣ። አስቡት፣ ከዋናው በጀት ግማሽ የሚበልጥ ተጨማሪ። የ2018ቱ ደግሞ ሰኔ 26፣ 2017 የጸደቀ ነው፣ 1.93 ትሪሊዮን ብር፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 1.2 ትሪሊዮን የሚጠጋው መደበኛ፣ 415 ቢሊዮን ካፒታል፣ 315 ቢሊዮን ለክልሎች። ካልኩሌተር ብታወጡ የ2017ቱ መጀመሪያ ሲጸድቅ ከመቶ ብር 29ኙ ለካፒታል ነበር፣ በ2018 ወደ 21 ብር ገደማ ወርዷል። መንገዱ፣ ግድቡ፣ የመብራት መስመሩ የሚሠራው ከካፒታሉ ነው። እና እኔ ብሆን አባሉ ሰኔ ላይ ተነስተው "የካፒታሉ ድርሻ ለምን ቀነሰ፣ የትኞቹ ፕሮጀክቶች ናቸው የሚንጠለጠሉት" ቢሉልኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የዛ መንገድ ዕጣ የሚወሰነው እዛች ቀን ላይ ነው፣ ኅዳር ላይ አይደለም። ዕዳ አለ፣ ደሞዝ ጭማሪ አለ፣ ድጎማ አለ ተብሎ አሳማኝ መልስ ሊሰጣቸው ይችላል፣ ይሰጣቸው፣ ቢያንስ ሕዝቡም አብሮ ይሰማል።

ጊዜውም አጭር ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ የበጀት መግለጫቸውን ይዘው የሚመጡት ሰኔ አካባቢ ነው፣ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ምክር ቤቱ ደግሞ ሰኔ 30 ለዕረፍት ይዘጋል። ያንን ወፍራም ጥራዝ፣ በኮድና በሰንጠረዥ የተሞላውን፣ አንድ አባል ያለ ረዳት፣ ያለ ባለሙያ፣ በሦስትና አራት ሳምንት አንብበው ሊጠይቁ ነው። እኔ የኮንዶሚኒየም ውሌን ለማንበብ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ከጸደቀ በኋላ ያለው ክትትል ሪፖርት ነው። የግማሽ ዓመት ሪፖርት፣ የዘጠኝ ወር ሪፖርት፣ አንዳንዴ ለቋሚ ኮሚቴ አንዳንዴ ለሙሉ ጉባኤ። ሚኒስትሩ ፓወር ፖይንት ይዘው ይመጣሉ፣ "በበጀት ዓመቱ ለማከናወን ከታቀዱት" ይጀምራል፣ "አፈጻጸሙ 92 በመቶ" ዓይነት ነገር ይከተላል። የምን 92 በመቶ? የስልጠናው፣ የግንዛቤ ማስጨበጫው፣ የምክክር መድረኩ ሁሉ ተደምሮ ነው እኮ። ከዛ አባላት አስተያየት ይሰጣሉ፣ "በጥንካሬ የታዩ" እና "በክፍተት የታዩ" ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፣ ቋሚ ኮሚቴው "ክፍተቶች በቀጣይ ሊታረሙ ይገባል" ብሎ አቅጣጫ ያስቀምጣል፣ በቃ። ይሄ "አቅጣጫ ተቀምጧል" የሚባል ነገር ለብቻው ጥናት ይፈልጋል። "በሂደት ላይ ነው"፣ "በትኩረት እየተሠራ ነው"፣ "ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት"፣ እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር የሚለው የለም። ግሱ ሁሉ "ተሠራ፣ ተደረገ፣ ታየ" ነው፣ ሠሪው ሰው የለም። አባሉ የካቲት ዕረፍት ላይ መራጮቻቸው ጋ ሄደው "አቅጣጫ ተቀምጧል" ቢሉ አንድ ገበሬ "አቅጣጫው በየት በኩል ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ምን ሊሉ ነው።

እኔ ዋናው ችግር ጥያቄ ማነሱ አይመስለኝም። ጥያቄስ ይጠየቃል፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ፀጥታ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አንዳንዴ በጣም ደፋር ጥያቄ ይጠየቃል። የጠፋው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ሲመጡ አሠራሩን አስተውሉት፣ ጥያቄው ሁሉ በአንድ ላይ ተጠራቅሞ ይነበባል፣ ከዛ እሳቸው መድረኩን ይዘው ለሰዓታት በፈለጉት ቅደም ተከተል ይመልሳሉ፣ የተዘለለው ይዘለላል፣ ጠያቂው "አይ፣ የጠየቅኩት ይሄን አይደለም" የሚሉበት ዕድል እምብዛም ነው። እንግሊዝ አገር ረቡዕ ረቡዕ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠየቃል፣ የተቃዋሚው መሪ ለብቻው 6 ጥያቄ አለው። እዛም ቲያትር ይበዛዋል፣ ጩኸትና ፌዝ ነው፣ ግን 6 ጥያቄ ማለት መልሱን ሰምተህ መልሰህ መያዝ ትችላለህ ማለት ነው፣ ጉዳዩ እሱ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ በተፈጥሮው የሚኖርበት አንድ ቦታ አለ፣ ብዙ ሰው አያየውም እንጂ እዛ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ለኔ በጣም የሚጥመኝ እሱ ነው፣ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የሚያደርገው የኦዲት መድረክ። አንድ ባለበጀት መሥሪያ ቤት ወይ ዩኒቨርሲቲ ይጠራል፣ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ግኝት ይነበባል፣ ኃላፊው ይመልሳል፣ ግን ከጎን ኦዲተሮቹ ራሳቸው ተቀምጠዋል። ኃላፊው "ግኝቱን አስተካክለናል" ሲል ኦዲተሩ "ማስረጃው አልደረሰንም" ይላል። እዚች ጋ ነው ነገር የሚጀምረው። ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ለረጅም ጊዜ ያልተሰበሰበ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ የግዥ መመሪያ ያልተከተለ ግዥ፣ በየዓመቱ የሚመጡት እነዚሁ ናቸው፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ከዝርዝሩ አይጠፉም። ከሂሳቡ ሌላ የክዋኔ ኦዲት የሚባል አለ፣ ብሩ ተሰረቀ ወይ ሳይሆን ብሩ የታሰበለትን ነገር አስገኘ ወይ ብሎ የሚጠይቅ፣ ለምሳሌ ማሽኑ ተገዝቷል፣ ደረሰኙም ንጹሕ ነው፣ ግን በካርቶኑ መጋዘን ተቀምጧል። ለአገልግሎት ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅመው ይሄኛው ነው።

በሌሎች ብዙ አገሮች እንዲህ ዓይነት ኮሚቴ የሚመራው በተቃዋሚ ነው፣ መስከረም 24፣ 2014 ሥራ የጀመረው 6ኛው ምክር ቤትም ያንን ልምድ ወስዶ የአብኑን ክርስቲያን ታደለን ሰብሳቢ አድርጎ ነበር። መድረኮቹ ሲተላለፉ የሚያይ ሰው በዛ፣ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ላብ ሲጠርግ ያየነው ያኔ ነው። በ2015 መጨረሻ ግን በአማራ ክልል ጉዳይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ክርስቲያን ታሰረ። ኮሚቴው በሌላ ሰብሳቢ ቀጥሏል፣ መድረኩም አልቀረም፣ ግን የመንግሥትን ሂሳብ ሲመረምር የነበረ ሰው ወንበሩ ላይ ሳይሆን እስር ቤት ሲሆን ሌላው አባል ከዛ ምን እንደሚማር ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

የኦዲቱም ቢሆን ድክመቱ ጊዜ ነው። የአንድ በጀት ዓመት ሂሳብ ተመርምሮ ሪፖርቱ ምክር ቤት እስኪደርስ አንድ ዓመት ይሄዳል፣ ተጠርተው መድረክ ላይ እስኪቀርቡ ሌላ ወራት፣ እስከዛ ድረስ ያ ኃላፊ ወይ ተዛውሯል ወይ ተሹሟል፣ አዲሱ መጥቶ "እኔ እዚህ ቤት ከመጣሁ ገና ስድስት ወሬ ነው" ይላል። እውነቱን ነው፣ ምን ታደርገዋለህ። ኮሚቴው የድርጊት መርሃ ግብር አዘጋጁ ብሎ ቀን ይሰጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ግኝት ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን የምናምታታው ነገር፣ እኔም ራሴ ቆይቼ ነው የለየሁት። አባሉ የሚጠይቋቸው ነገሮች ግማሾቹ ሚኒስትሩ እጅ ላይ የሉም። የቀበሌው የውኃ ፓምፕ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሌለው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ የሚያፈሰው፣ እነዚህ የክልልና የወረዳ ሥራ ናቸው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በጥቅል ነው የሚሄደው፣ የክፍፍሉን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳ ያወርደዋል፣ ወረዳ ሲደርስ አብዛኛው ለደሞዝ ያልቃል፣ ለፓምፕ ጥገና የምትቀረው ትንሽ ናት። ስለዚህ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስትሩ "ይህ በክልሉ የሚታይ ነው" ሲሉ እየሸሹም ሊሆን ይችላል፣ እውነታቸውንም ሊሆን ይችላል፣ መለየት ያለበት ጠያቂው ነው። መብራት ከሆነ ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ፌዴራል ነው፣ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ሦስት ወር ከሆነው እዛው ምክር ቤት ላይ መያዝ ይቻላል። ዋና ዋና አስፋልቶችም የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ናቸው። ማዳበሪያ ከውጭ ገዝቶ ማስገባትም የፌዴራል ነው፣ ገበሬው እጅ እስኪገባ ያለው መንገድ ግን ዩኒየን፣ ኅብረት ሥራ፣ ወረዳ እያለ ይሄዳል፣ በ2015 እጥረቱ በባሰበት ጊዜ አንዱ ሌላው ላይ ሲጥል የነበረውም ለዚህ ነው።

ትምህርትን ደግሞ ተመልከቱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ፌዴራል ነው፣ ትምህርት ቤቱ ግን የክልል። የ2014ቱ ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ 50 እና ከዛ በላይ ሲያመጡ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሲሆን ሚኒስትሩ ተደጋግመው ተጠይቀዋል። ፈተናው ኩረጃውን ስላቆመ ነው እውነቱ የታየው ነው መልሳቸው፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ግን ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ፣ አስተማሪ የሌለውን የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጀት የሚይዘው ማን ነው፣ እሱስ በየትኛው ምክር ቤት ነው የሚጠየቀው የሚል ነው፣ መልሱ ደግሞ የክልል ምክር ቤትና የወረዳ ምክር ቤት ነው።

የወረዳ ምክር ቤትን ደግሞ ላይቭ የሚያስተላልፈው የለም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ይሰበሰባል፣ አባላቱ አስተማሪ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ገበሬ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናቸው። አስተማሪው አባል ተነስቶ የወረዳውን አስተዳዳሪ "ለጥገና የተመደበው 800 ሺህ ብር የት ገባ" ሊል ነው እንበል። የሱ ዝውውር፣ የደረጃ ዕድገቱ፣ የሚስቱ ሥራ ሁሉ በዛው ቢሮ ደጅ ያልፋል። ፓርላማው ላይ ያለው ደጅ ጥናት ምሳሌያዊ ነው፣ እዚህ ጋ ግን በቀጥታ ደጁ ነው።

ሌላ አንድ ጉዳይ አለ፣ ሳላነሳው ባልፍ ቅር ይለኛል። ከበጀት ውጪ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች። በ2015 አባላት ስለ ጫካ ፕሮጀክት (አዲስ አበባ ላይ ስለሚገነባው አዲስ ቤተ መንግሥትና ሰፈር) ወጪ ሲጠይቁ የጠቅላይ ሚኒስትሩ መልስ ፍሬ ነገሩ ለዚህ ሥራ ከምክር ቤቱ የጠየቅነው በጀት የለም የሚል ነበር። ብዙ ሰው "ልክ ነው፣ ከኪሳችሁ ካልወጣ ምን አገባችሁ" ብሎ አጨበጨበ። ግን አንቀጽ 55 ንዑስ 17ን መልሳችሁ አንብቡት፣ ምክር ቤቱ የሚመረምረው የአስፈጻሚውን አሠራር ነው እንጂ ያጸደቀውን ብር ብቻ አይልም። መሬቱ የሕዝብ ነው፣ የሚያስተባብሩት መሥሪያ ቤቶች ደሞዛቸው ከበጀት ነው፣ ገንዘቡን የሰጠው አካል ማነው የሚለውም የሕዝብ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ቢኖር ኖሮ ይሄ ነበር የሚጠየቀው።

እና አንድ አባል ለመንገዱ ምን ብለው ቢጠይቁ ይሻላል? የመንገድ ሥራ ሰዎች ሁለት ቁጥር አላቸው፣ ፊዚካል አፈጻጸምና ፋይናንሺያል አፈጻጸም። አንደኛው መንገዱ ስንት ፐርሰንት ተሠራ ነው፣ ሁለተኛው ብሩ ስንት ፐርሰንት ወጣ። "ክቡር ሚኒስትር፣ የዚህ ፕሮጀክት ፊዚካሉ ስንት ነው፣ ፋይናንሺያሉስ፣ ለኮንትራክተሩ ቅድሚያ ክፍያ መቼ ተሰጠ፣ የዋጋ ማስተካከያ ስንት ተጨመረ፣ ውሉ የሚያልቀው መቼ ነበር" ብለው በጽሑፍ አስቀድመው ልከው፣ ቁጥሩን ይዘው ቢነሱ የቃሬዛውን ታሪክ መናገርም አያስፈልጋቸውም። ብሩ 60 ወጥቶ መንገዱ 30 ላይ ከሆነ ሚኒስትሩ "በትኩረት እየሠራን ነው" ማለት አይችሉም። ወሰን ማስከበር፣ ማለትም መንገዱ የሚያልፍበትን ቦታ ነጻ ማድረግ ነው ያስቸገረን ካሉ፣ የቀረችው ካሳ ስንት ቤት ናት ይባላል። ፀጥታ ነው ካሉ፣ ኮንትራክተሩ ሳይት ለቆ የወጣው በስንት ቀን ነው ይባላል። በርግጥ ቲክቶክ ላይ አይዞርም፣ ደረቅ ነው፣ ማንም ሼር አያደርገውም።

ባለፈው ክረምት ዘመድ ጥየቃ ገጠር ሄጄ አንድ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የበጀት ሰሌዳ አየሁ፣ ያ በየሴክተሩ ስንት እንደተመደበ የሚለጠፍበት። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፣ ለውኃ ጥገና የተመደበው ቁጥር አለ፣ የወጣው የሚለው አምድ ባዶ ነው። ውስጥ ገብቼ አንዱን ሠራተኛ ጠየቅኩት፣ በትሕትና "ለምክር ቤት ሪፖርት አድርገናል" አለኝ። አጎቴ ሰፈር የወረዳው ምክር ቤት አባል የሆኑ ጡረተኛ አስተማሪ አሉ፣ ማታ ቡና ላይ "ጋሼ፣ የውኃ ጥገናው ነገር ሪፖርቱ ላይ እንዴት ነው የቀረበው?" አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ።

"በጥንካሬ ነው የተያዘው" አሉኝ። ቡናው የተፈላበትን ውኃ የአጎቴ ልጅ ከምንጭ ነበር ያመጣችው፣ የሰፈሩ ፓምፕ ከፋሲካ ጀምሮ ቆሟል።